ልጆቻችንን ለማዝናናት ስንጓዝ፡ ያለ ዕዳ፣ ያለ ብክነት፣ ሶላት ሳያመልጠን

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶለዋትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



በጀርመንና በአጎራባች አገሮች የምትኖሩ ወንድሞችና እህቶች የትምህርት ቤት ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር አንድ ዓይነት ጥያቄ ታነሱልናላችሁ። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ «እገሌ ፓሪስ ዲዝኒላንድ ሄደ፣ እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?» ይላሉ። አባት የወሩን የቤት ኪራይ ያስባል። እናት አገር ቤት ላሉት ወላጆች የሚላከውን ታስባለች። አንዳንዱ «ይህ የካፊር ጨዋታ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ሌላው የልጁን እንባ ማየት አቅቶት ከባንክ በወለድ ተበድሮ ይሄዳል። ሁለቱም መንገድ ደግ አይደለም። በዛሬው ዝግጅታችን ከጀርመን ተነስቶ በመኪና ወደ ዲዝኒላንድ ፓሪስ የሚደረግን የቤተሰብ ጉዞ ምሳሌ አድርገን፣ ሸሪዓችን ስለ ጉዳዩ ምን እንደሚል፣ በጀቱ እንዴት እንደሚያዝና ዒባዳው እንዴት እንደሚጠበቅ እንመለከታለን፣ ኢንሻአላህ።

መዝናናት በኢስላም

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ቤተሰብን ማዝናናት በዲናችን የተጠላ ነገር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከባለቤታቸው ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር ሩጫ ተወዳድረዋል። መጀመሪያ እሷ ቀደመቻቸው፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ እሳቸው ቀደሟትና ያኛውን በዚህኛው አካካሱ። ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ይበልጥ ልብ የሚነካ ታሪክ አለ። በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከለከሏቸውን? አልከለከሏቸውም። ይልቁንም ዓኢሻን ከኋላቸው አቁመው፣ እሷ ራሷ እስክትጠግብ ድረስ ሳይሰለቹ አብረዋት ቆሙ። ሐዲሱን ኢማሙ ቡኻሪና ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል። ዑለማኦች ከዚህ ሐዲስ ለወጣት ልጅ የጨዋታ ፍላጎት ቦታ መስጠት እንደሚገባ ተረድተዋል።

በሱረቱ ዩሱፍም ወንድማማቾቹ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) ከአባታቸው የጠየቁት አብሯቸው ሄዶ እንዲበላና እንዲጫወት መሆኑን እናገኛለን። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) የፈሩት ልጁን የሚያገኘውን አደጋ እንጂ ጨዋታውን አልነበረም። ሰውየው ለቤተሰቡ የሚያወጣው ገንዘብም ኒያው ከተስተካከለ ምንዳ የሚያስገኝ መሆኑ በሶሒሕ ሐዲስ ተረጋግጧል።

ይሁን እንጂ ፈቃዱ ድንበር አለው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን የደጋግ ባሮቹን ጠባይ ሲዘረዝር፣ ገንዘብ ሲያወጡ ከማባከንና ከመንፈግ ርቀው በመካከለኛው መንገድ እንደሚሄዱ ይገልጻል። ስለዚህ «ይቻላል ወይስ አይቻልም?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካገኘ በኋላ «በምን ገንዘብ? በምን ሁኔታ? ምንን አስቀድመን?» የሚሉት ይከተላሉ።

የሚቀድመውን ማስቀደም

ለጉዞ ከመቆጠብ በፊት አራት ነገሮችን ማየት ይገባናል። አንደኛ፣ የመክፈያ ጊዜው የደረሰ የሰው ዕዳ ካለብን እሱ ይቀድማል። አበዳሪው ገንዘቡን እየጠበቀ እኛ በመዝናኛ ቦታ ፎቶ ብንነሳ ዐይብም ወንጀልም ነው። ሁለተኛ፣ ለወላጆቻችን የምንልከው ቀለብ በጉዞው ምክንያት መቋረጥ የለበትም። ሦስተኛ፣ የተጠራቀመው ገንዘብ ከሌላው ጥሪታችን ጋር ተደምሮ ኒሳብ ከሞላ፣ ማለትም የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከዞረበት፣ ለጉዞ የታሰበ ቢሆንም ከመቶ 2.5 ዘካው ይወጣለታል። አራተኛ፣ ገንዘቡ ከሐላል የመጣ መሆን አለበት።

በወለድ ብድር፣ በባንክ ሒሳብ ላይ ከዜሮ በታች በመውረድ ወይም ወለድ ባለበት የክፍያ ካርድ ለመዝናናት መሄድ አይፈቀድም። ጀርመን ውስጥ «ዲስፖ» የሚባለው የባንክ ሒሳብ ብድር ብዙ ጊዜ በዓመት ከ10 በመቶ በላይ ወለድ ያስከፍላል። የሁለት ቀን ሳቅ ለወራት የሚቆይ ዕዳ፣ በአኺራም ተጠያቂነት ይዞ ይመጣል ማለት ነው። ያጣ ሰው ለልጁ «ዘንድሮ አልቻልንም» ቢል ምንም ነውር የለበትም።

ሌላው ጥንቃቄ ቃል መግባት ነው። በአቡ ዳዉድ ዘገባ አንዲት እናት ልጇን «ና፣ እሰጥሃለሁ» ብላ ስትጠራው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው አስበሽ ነው ብለው ጠየቋት። ተምር እንደሆነ ስትናገር፣ ምንም ባትሰጠው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይመዘገብባት እንደነበር አስታወቋት። እንግዲህ ሒሳቡ ሳይጠና ለልጆች «በዚህ ዓመት እንሄዳለን» አይባልም።

በጀቱ እንዴት ይያዝ?

ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የንጉሡን ሕልም ሲፈቱ ለችግሩ ሰባት ዓመታት በጥጋቡ ሰባት ዓመታት መቆጠብን አስተማሩ። ማቀድ ከተወኩል ጋር አይጋጭም። እናትና አባት ይመካከሩ፤ ነፍስ ያወቁ ልጆችም ይካተቱ። ለሒሳቡ አንድ ደብተር ይበቃል። ስድስት ክፍል ይኑረው፤ መግቢያ፣ ማደሪያ፣ ነዳጅና የመንገድ ክፍያ፣ ምግብ፣ የመኪና ማቆሚያ፣ መጠባበቂያ። ለምሳሌ ድምሩ 1,200 ዩሮ ቢመጣ፣ በ12 ወር ሲካፈል በወር 100 ዩሮ ነው። በወር 50 ብቻ መቆጠብ የምንችል ከሆንን ጉዞው የሁለት ዓመት ዕቅድ ነው። ሰብር ማለት ይህም ነው። ልጆች ከዒድ ስጦታቸው በፈቃዳቸው ጥቂት ቢጨምሩ የገንዘብን ዋጋ ያውቃሉ።

መግቢያ። ዲዝኒላንድ ፓሪስ በ1992 እ.ኤ.አ ሚያዝያ (ኤፕሪል) 12 ቀን የተከፈተ ሲሆን ከፓሪስ በስተምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ማርን ላ ቫሌ በተባለ ቦታ ይገኛል። በ2002 ሁለተኛ ፓርክ አጠገቡ ተጨምሯል። ከ3 ዓመት በታች ያለ ሕፃን በነጻ ይገባል፤ ከ3 እስከ 11 የልጅ ዋጋ ነው፤ ከ12 ዓመት ጀምሮ የአዋቂ ይከፈላል። ስለዚህ 12 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ያላችሁ ወላጆች ቀኑን ብታስቡበት ይጠቅማችኋል። ዕድሜ መዋሸት ግን ስርቆትም ውሸትም ነው፤ ልጁም በዓይኑ እያየ ይማረዋል። የመግቢያው ዋጋ እንደ ቀኑ ይለያያል። ሕዝብ በማይበዛባቸው የሥራ ቀናት ቀድሞ መግዛት ብዙ ያተርፋል። ለትናንሽ ልጆች አንዱ ፓርክ ብቻ ለአንድ ቀን ይበቃል። ሰልፍ ለመዝለል ተጨማሪ የሚያስከፍለውን አገልግሎት መተው ይቻላል፤ ማልዶ በር ላይ መገኘት የሱን ሥራ ይሠራል።

ቀኑን ስንመርጥ ግን አንድ ነገር አንርሳ። በጀርመን ትምህርት ቤት መቅረት በሕግ የተከለከለ ነው። ርካሽ ቀን ለማግኘት ልጆችን ከዕረፍቱ ቀድሞ ማስቀረት ወላጅን ያስቀጣል። ዕረፍቱ በየክፍለ አገሩ የተለያየ ስለሆነ የራሳችን ክፍለ አገር አርፎ ሌሎቹ ትምህርት ላይ የሚሆኑበትን ሳምንት መፈለግ ይሻላል።

ነዳጅና መንገድ። ከፍራንክፈርት በዛርብሩክን፣ በሜስና በሬምስ በኩል እስከ ፓርኩ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ደርሶ መልሱንና እዚያ የሚነዳውን ጨምረን 1,200 ኪሎ ሜትር ብንል፣ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የሚጠጣ መኪና 84 ሊትር ይፈጃል። በሊትር 1.80 ዩሮ ብናሰላው 151 ዩሮ ይመጣል። እያንዳንዱ ሰው በራሱ መኪናና በዕለቱ ዋጋ ያስላው። የጀርመን አውራ ጎዳና ለቤት መኪና አይከፈልበትም፤ የፈረንሳዩ ኤ4 ግን ያስከፍላል። ለመክፈል የማይፈልግ ከናንሲ ወይም ከስትራስቡርግ አቅጣጫ የሚሄደውን ኤን4 የተባለ መንገድ መያዝ ይችላል፤ ሰዓት ይወስዳል እንጂ ክፍያ የለበትም። ከኤ4 ወደ ፓርኩ የሚያስወጣው 14 ቁጥር መውጫ ነው።

ማደሪያ። በፓርኩ ሆቴሎች ውስጥ ከማደር በአካባቢው ከተሞች ኩሽና ያለው ክፍል መከራየት ለብዙ ቤተሰብ ይቀላል። ኩሽና ሲኖር ምግቡም ሐላልነቱም በእጃችን ይሆናል። ፈረንሳይ ውስጥ በማደሪያ ዋጋ ላይ የሚጨመረው የእንግዳ ቀረጥ ከ18 ዓመት በታች ያሉትን አይመለከትም፤ ሒሳቡ ሲመጣ ይህን ማየት አይከፋም።

ምግብ። ገንዘቡ የሚፈሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የእናቶቻችን የመንገድ ስንቅ ዛሬም ይሠራል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ አምባሻ፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ተምር፤ እነዚህ ሁሉ መንገድ የማይፈሩ ናቸው። ውሃና ቀላል መክሰስ በቦርሳ ይዞ ወደ ፓርኩ መግባት ይቻላል፤ ጠርሙስና ትልልቅ የምግብ ማቀዝቀዣ ሣጥን ግን አይፈቀድም። ሣጥኑን መኪና ውስጥ ትቶ ለምሳ ወጥቶ መመለስ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ሥራ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ አንጫነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር። ለእሷም ዕረፍት ነውና አባትና ልጆች ስንቁን አብረው ያዘጋጁ፣ ዕቃውንም አብረው ይጠቡ።

መጠባበቂያ። ጎማ ይፈነዳል፣ ልጅ ይታመማል። ከጠቅላላው አንድ አሥረኛ ያህል ሳይነካ ይቀመጥ። ሳይነካ ከተመለሰ ደግሞ ከፊሉን ሶደቃ እናድርገው።

ሰነድና ደህንነት

አንድ ሰው ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ እንደሆነ ሲጠይቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቀድሞ እንዲያስር ከዚያም እንዲመካ አስተምረዋል። በዚህ ዘመን ከማሰሪያዎቹ አንዱ ሰነድ ነው። የጀርመን መኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው የጸና ፓስፖርቱን ይዞ ወደ ፈረንሳይ ያለ ቪዛ በ180 ቀናት ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይችላል። ሰማያዊው የስደተኛ ፓስፖርትም ከመኖሪያ ፈቃዱ ጋር ያሳልፋል። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና ያልተወሰነላቸውና «ዱልዱንግ» ብቻ የያዙ ወገኖቻችን ግን ድንበር እንዳይሻገሩ አደራ እንላለን። ለአንድ ቀን ጨዋታ የዓመታት ጉዳይ ሊበላሽ ይችላል። ለእነሱ በጀርመን ውስጥ እንደ ሩስቱ ኦይሮፓ ፓርክና እንደ ብሩሉ ፋንታዚያላንድ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ ከአንዱ ክፍለ አገር ወደ ሌላው መሄድ የተገደበበት ሰው ግን አስቀድሞ የውጭ ዜጎች ቢሮን ይጠይቅ። ጀርመን በ2024 እ.ኤ.አ ከሴፕቴምበር 16 ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሮቿ ፍተሻ ጀምራ ነበርና የሕፃናቱም ሰነድ ሳይቀር በእጅ ይሁን። በሕክምና መድን ካርዱ ጀርባ ያለው የአውሮፓ ካርድ ፈረንሳይ ውስጥ ለድንገተኛ ሕመም ያገለግላል።

ፈረንሳይ ውስጥ መኪና የሚያንጸባርቅ ሰደርያና የማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን መያዝ አለበት። ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከኋላ ወንበር ይቀመጣሉ። የአውራ ጎዳናው ፍጥነት 130፣ ዝናብ ሲዘንብ 110 ነው። ሾፌር እንቅልፍ ሲመጣበት ይቁም። ነፍስ የአላህ አማና ናት።

እህቶቻችን ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። ሒጃብ በጎዳናም በፓርኩም አይከለከልም። ፊትን መሸፈን ግን በ2010 በወጣው ሕግ ከ2011 ጀምሮ በአደባባይ የተከለከለ ሲሆን እስከ 150 ዩሮ ያስቀጣል። ኒቃብ የምትለብስ እህት ይህን አውቃ፣ ከባለቤቷ ጋር ተመካክራ ትወስን።

ሶላት በጉዞ ላይ

ጉዞ የሶላት ዕረፍት አይደለም፤ አላህ ግን አቅልሎልናል። በአብዛኞቹ ዑለማኦች ዘንድ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ የተፈቀደ ጉዞ ቀስር ይቻላል። ዙህር፣ ዐስርና ዒሻእ ሁለት ሁለት ረከዓ ይሆናሉ፤ ሱብሂና መግሪብ እንዳሉ ናቸው። ማሳጠር የሚጀመረው ቤት ውስጥ ሳይሆን ከከተማው ቤቶች ከወጡ በኋላ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫ ቀናት ሳይቆጠሩ አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት የወሰነ ሰው እዚያ ሲደርስ ሶላቱን ያሟላል። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን የሄደ ቤተሰብ ግን እስኪመለስ ያሳጥራል።

ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመርም (ጀምዕ) ይፈቀዳል። ሁለቱን በመጀመሪያው ወቅት የሚሰግድ፣ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ፣ የመጀመሪያውን ሶላት ሳይጨርስ የማጣመር ኒያ አድርጎ፣ በመካከል ረጅም ጊዜ ሳያሳልፍ ይስገድ። ወደ ሁለተኛው ወቅት የሚያዘገይ ደግሞ የመጀመሪያው ወቅት ሳይወጣ ኒያውን ይያዝ። በሐነፊይ መዝሀብ ግን ማጣመሩ ከሐጅ ውጭ ስለሌለ፣ የመዝሀቡ ተከታይ የሆነ ወንድማችን እያንዳንዱን በወቅቱ ይስገድ፤ በዚህ አንጨቃጨቅ።

ይህ ሩኽሳ በፓርኩ ቀን እንዴት ይጠቅመናል? በጁን መጨረሻ በፓሪስ ዙህር በአውሮፓ ሰዓት አቆጣጠር ከ13፡55 አካባቢ ይገባል፤ ፀሐይ የምትጠልቀው 22 ሰዓት ሲሆን ነው። በዲሴምበር ደግሞ ፀሐይ ከ17 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። ስለዚህ በበጋው ለምሳ ወደ መኪናው ስንወጣ ዙህርና ዐስርን አጣምረን ሰግደን፣ በልተን፣ ቲኬታችንን ይዘን እንመለሳለን። መግሪብና ዒሻእ ማደሪያችን ይጠብቁናል። ቂብላው ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ከሰሜን 119 ዲግሪ ያህል። ውዱእ ይዘን ብንወጣና መስገጃውን ከዳይፐሩ ጋር በአንድ ቦርሳ ብንይዝ ችግር አይገጥመንም። ልጁ ያን ቀን ከጋሪው ጨዋታ ጋር አባቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ሲሰግድ ያየውንም ይዞ ያድጋል።

ጁምዓ በመንገደኛ ላይ ግዴታ ባይሆንም፣ ጁምዓ ዕለት ሱብሂ ከገባ በኋላ ጁምዓን ትቶ ከአገር መውጣት በመዝሀባችን አይፈቀድም። እንግዲያው ጁምዓን ሰግዶ ወይም ቅዳሜ ከሱብሂ በኋላ መነሳት የተሻለ ነው።

በፓርኩ ውስጥ

የትናንሽ ልጆች ልብ እንዳይሰበር ቁመታቸውን ቤት ውስጥ እንለካ። ቢግ ታንደር ማውንቴን የተባለው የተራራ ባቡር 1.02 ሜትር፣ ኢንዲያና ጆንስ የተባለው ደግሞ 1.40 ሜትር ቁመት ይጠይቃሉ። በጀልባ የሚዞሩት ረጋ ያሉት ጨዋታዎች ግን ሕፃናትንም ያስተናግዳሉ። ሕፃን ልጅ ካለ አንዱ ወላጅ ሲገባ ሌላው ይጠብቅና፣ ሁለተኛ ሳይሰለፍ ተራውን እንዲወስድ የሚፈቅዱ ጨዋታዎች አሉ፤ ሠራተኞቹን መጠየቅ ነው። ልጅ ቢጠፋ የሚጠራበት ስልክ ቁጥር እጁ ላይ ይጻፍለት።

እርቃን የበዛበትን፣ ጥንቆላንና መናፍስትን እንደ እውነት የሚያሳየውን ትርኢት አልፈን እንሂድ። ቀሪው ብዙ ነው። የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫዎቹ ከየጨዋታው መውጫ ላይ የተቀመጡት በአጋጣሚ አይደለም። ለእያንዳንዱ ልጅ ከቤት ሳንወጣ የተወሰነ ገንዘብ፣ ለምሳሌ 10 ዩሮ ሰጥተን «ከዚህ በላይ የለም» ብንል ጭቅጭቁ በአብዛኛው ይቆማል። ልጁ ራሱ ያወዳድራል፣ ራሱ ይመርጣል።

ከመካከላችንም አንዱን አሚር እናድርግ። ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን እንዲሾሙ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዝዘዋል። አሚር ማለት የሚቆጣ ሰው ሳይሆን የደከመውን አይቶ «አሁን እንረፍ» የሚል ነው።

ስንመለስ

ጉዞ እንቅልፍንና ምግብን የሚነሳ ድካም መሆኑን፣ ጉዳዩን የጨረሰም ወደ ቤተሰቡ መቸኮል እንዳለበት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ሲመለሱም መጀመሪያ መስጂድ ገብተው ሁለት ረከዓ ይሰግዱ ነበር። ይህን ሱና ከልጆቻችን ጋር ሕያው እናድርገው። ማታውኑ ደብተሩን ከፍተን ያሰብነውንና ያወጣነውን እናስተያይ። የጎረቤት ልጅ መሄድ ያልቻለ ከሆነ ፎቶ እያሳየን ልቡን አናቁስል፤ ትንሽ ስጦታ ብንይዝለት ግን ደስታው የሁለት ቤት ይሆናል።

ወገኖቻችን! ልጆቻችን የሚያድጉት በሰው አገር ነው። ዲናቸውን «አይቻልም» በሚል ቃል ብቻ ካወቁት፣ ነገ ደስታን የሚፈልጉት ከእኛ ርቀው ይሆናል። አባታቸው የሰው ዕዳ ሳይዝ፣ እናታቸው ሳትጎሳቆል፣ ሶላት ሳያመልጥ አብረው የሳቁበትን ቀን ካዩ ግን ኢስላም ለሳቅም ሥርዓት እንዳለው በተግባር ይማራሉ። አቅሙ የሌለው ቤተሰብ ይህንኑ በሰፈሩ ሐይቅ ዳር፣ በአንድ ዘንቢል ስንቅ ሊያደርገው ይችላል። ምንዳው በኪሎ ሜትር አይለካም።

አላህ ሐላሉን አብቅቅቶን ከሐራሙ ያርቀን። መንገዳችንን ሰላም፣ ልጆቻችንንም የዓይናችን ማረፊያ ያድርግልን። አሚን። ወላሁ አዕለም። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።